ያሸሁት ክንድ

ረቡዕ

የልጁ ክንድ ዛሬም ሞቆ ነው የመጣው። ጻፊ ፅጌ። ሞቆ ነው የመጣው ብለሽ ጻፊ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ፅጌ ሆም ኬር ናት፤ እየመጣች ታበስልልኛለች፣ ደም ግፊቴን ለክታ ለሐኪሙ ትጽፋለች። ግፊቱን ከጻፍሽ ግፊቱን ያመጣውንም ጻፊ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ከግፊቱ ሥር የምላትን ሁሉ ትጽፋለች። እንደማወራው ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። ዛሬ ግፊቴ ደህና ነው።

ናቲ ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ መጣ። ናትናኤል ነው ስሙ፤ የልጄ የሳምሶን ልጅ። ጎንበስ ካላለ በሬን አያልፍም። ቤዝቦል ይጫወታል። ወርዋሪ ነው። ሜዳው መሐል ትንሽ ጉብታ አለች፤ እሷ ላይ ቆሞ ኳሷን ዱላ ወደያዘው ልጅ ያምዘገዝጋታል። ጨዋታው ሁሉ የተንጠለጠለው በሱ ክንድ ላይ ነው። ጨዋታው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ክንድ ግን ይገባኛል።

አገሬ ወጌሻ ነበርኩ። እዚህ ኦክላንድም ወጌሻ ነኝ። ኡበር የሚነዳው አንገቱን፣ ሽማግሌ የምታነሣዋ ወገቧን ይዘው ይመጣሉ። ወለምታ ከሆነ አሻለሁ። ስብራት ከመሰለኝ ኤክስሬይ ተነሥተህ ና ብዬ እመልሳለሁ። የማላውቀውን አልነካም። ስሜ የቆመው በዚህ ነው።

ልጁን ክርኑን በውስጥ በኩል ካመመው ሰነበተ። ሐኪሟ ጋ ሲወስዱት እኔም ሄጃለሁ፤ እናቱ መሠረት እያስተረጎመችልኝ። ሐኪሟ ቆፍጣና ናት። ወደድኳት። ያለችውን አልረሳሁም። ደግማ እስክታየው ድረስ ኳስ የሚባል አይወርውር። ከዚያ በኋላም ለሁለት ቡድን አይወርውር፤ አንዱ ቡድን ሌላው ያደከመውን ክንድ አያውቅምና። ደክሞት አይወርውር። በዓመት ውስጥ ኳሷን ጨርሶ የሚያስቀምጥበት ወራት ይኑረው። ትከሻውን፣ ወገቡን፣ እግሩን ያጠንክር፤ ክንድ ብቻውን አይወረውርም። ሲያመው አይደብቅ፣ በማስታገሻም አያፍነው። ህመሙ ጠባቂው ነው አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ትከሻውንና ከክርኑ በታች ያለውን ሥጋ ቀስ አድርገው ማሸት ይችላሉ፣ የክርኑን ውስጥ ግን እንዳይነኩት፣ ጅማቱ ሳስቷል አለችኝ። እሺ አልኩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲናገር እሺ ይባላል።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ይመጣል። አሸዋለሁ። የትምህርት ቤቱ ኮች ሐኪሟን ሰምቶ ሩጫ ብቻ ነው የሚያስሮጠው።

ታዲያ ያረፈ ክንድ ምን ያሞቀዋል? ዛሬ ስይዘው ሥጋው እንደ ጠፍር ተወጥሯል።

"ምን ሠርተህበት ነው?" አልኩት።

"ቸርች ወንበር አነሣሁ፣ አባባ።" ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

"ስንት ወንበር?"

"ብዙ።"

ቤተ ክርስቲያናችን ያን ያህል ወንበር የላትም። ፅጌ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን አመንኩት። የገዛ ደሜ ነው፤ ለምን ይዋሸኛል?

ዓርብ

ናቲ እየሮጠ ገባ። ሳምሶን ታች መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ጥሩምባ ይነፋል። ምን ያጣድፋችኋል አልኩ። ነገ ሳን ሆዜ የወጣቶች ጸሎት አለ፤ ዛሬ ዘመድ ጋ ሄደን እናድራለን አለኝ። ትልቅ ሻንጣ ተሸክሟል።

"ለጸሎት ይሄን ሁሉ?"

"ልብስ ነው፣ አባባ።"

ክንዱን ትራሱ ላይ ዘረጋልኝ። የወይራ ዘይት አሙቄ ከትከሻው ጀመርኩ። እሱ ግን ክርኑን ገልብጦ ውስጡን በጣቱ እያሳየ፣ "እዚህ ጋ እሸኝ። ሃርድ" ይለኛል። ሐኪሟ ከልክላለች አልኩት።

"ትንሽ ብቻ! ካሸኸኝ እኮ ነገ አይሰማኝም።"

"ነገ ምን ልታደርግበት ነው የማይሰማህ?"

"ስተኛ... ስተኛ ነው የሚሰማኝ።"

አንተ እያለ ነው የሚያናግረኝ። እዚህ የተወለዱት እንዲህ ናቸው፤ እርስዎ ማለት አፋቸው ላይ አይመጣም። ትቼዋለሁ።

ውስጡን አልነካሁም። ትከሻውን፣ የክንዱን ጀርባ፣ እስከ አንጓው ያለውን ግን እንዳውቅበት አድርጌ አላላሁት። እጄ ገና አልደከመም። የታሰረው ሁሉ ተፈታ። ሲነሣ ክንዱን አወዛወዘና፣ "ቀለለኝ!" አለ። ደስ አለኝ። ለጸሎት የሚሄድ ልጅ ነውና እጄን ክንዱ ላይ ጭኜ መረቅሁት። አሜን አለ፤ ዓይኑን ግን አላነሣም።

ከታች ጥሩምባው ተነፋ።

ሰኞ

ግፊቴ ከፍ ብሏል። ፅጌ መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብላ ደግማ ለካችኝ። መሣሪያው አልተሳሳተም።

ትላንት ከአምልኮ ስንወጣ ግርማ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ግርማ የሚልፒታስ ሰው ነው፤ ቅን ሰው ነው። የሱም ልጅ ኳስ ይጫወታል። ከሩቅ እጁን ዘርግቶ መጣ።

"ጋሽ ተሰማ! እንኳን ደስ አለዎት! ናቲ ቅዳሜ ጉድ ሠራ እኮ! ሳን ሆዜን አንጫጫው!"

"ጸሎቱ ላይ?" አልኩት።

"የምን ጸሎት? ሜዳ ላይ ነዋ! ጠዋትም ወረወረ፣ ከሰዓትም ወረወረ። የሳን ሆዜው ቡድን ኮች ራሱ እርስዎን ያመሰግናል።"

"እኔን በምን አውቆ?"

"ሳምሶን ነግሮታላ። አያቱ ቴራፒስት ነው፣ ክንዱን የሚከታተለው እሱ ነው፣ ይወርውር ያለው እሱ ነው ብሎ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ጋሽ ተሰማንማ የማያውቅ ማን አለ ብዬ መሰከርኩልዎት።"

ግርማ አልዋሸም። የሰማውን ነው ያወራው። ፊቴን ሲያይ ግን እጁን ከትከሻዬ አነሣ። "ምነው ጋሼ? ጥፋት ተናገርኩ እንዴ?" አላጠፋህም አልኩት። ሄድኩ።

ሳምሶን ወደ ቤት መለሰኝ። እንደ ሁልጊዜው ከፊት ወንበር አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ከኋላ ናቲ ጆሮውን ደፍኖ ዘፈን ይሰማል። ክንዱን ሆዱ ላይ አጣጥፎታል፤ በመስታወቱ አየሁት።

"ስብከቱ እንዴት ነበር፣ አባዬ?" አለኝ ሳምሶን።

"አልሰማሁትም" አልኩት።

ሌላ አላልኩም። በመኪና ውስጥ፣ ልጁ እያየ፣ አባቱን አላዋርድም። እቤቴ ገብቼ በሬን ቆለፍኩ። ምሳ አልበላሁም።

አሁን ሁሉም ገባኝ። ሳምሶን ዓርብ ዓርብ ልጁን የሚያመጣልኝ እንዲድን አይደለም። ቅዳሜ እንዳይሰማው ነው። ሐኪሟ ጠባቂው ነው ያለችውን ህመም እኔ በዘይት እያሸሁ አስተኛለሁ፤ እነሱ ልጁን ወስደው ያስወረውሩታል። መድኃኒት ቤት ሄደው ማስታገሻ ቢገዙለት እንኳ ይሻል ነበር። እጄን ለዚህ ነው ያዋሉት። የመረቅሁትስ? መረቅሁት እኮ!

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፈረስ እንኳ ቢጥል እንስሳ ነው።

ይህን ስናገር የፅጌ እጅ ቆመ። እኔ ፊደል አላውቅም እንጂ እጅ ሲቆም አውቃለሁ።

"ምነው?" አልኳት።

ወረቀቱን አገላበጠች።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"መሠረት ናት የነገረችኝ፣ አባባ። ግፊታቸው ይነሣል፣ እንዳትነግሪያቸው አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? መሐል ገባሁ።"

"ጻፊው።"

"እንዴት ብዬ ልጻፈው?"

"ፅጌም ታውቅ ነበር ብለሽ።"

አጎንብሳ ጻፈች። ምን እንደጻፈች በምን አውቃለሁ? አንብቢልኝ አልኳት። ፅጌም ታውቅ ነበር ብላ አነበበች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ያኔ ነው ጽፋዋለች ያልኩት። አልቅሳለች። አላባበልኳትም።

ማክሰኞ

ሳምሶን የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ መጣ። ሚልፒታስ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ተቀመጥ፣ እግርህን ልይልህ እለው ነበር። አላልኩትም።

"ግርማ ነገረኝ" አልኩ።

ቁልፉን ከእጅ እጅ ሲያገላብጥ ቆየ። "ልጁ ራሱ ነው የለመነኝ፣ አባዬ።"

"ልጁ ምላጭ ቢለምንህ ትሰጠዋለህ?"

"ሕፃን አይደለም እኮ። ኮሌጅ ሊገባ ነው። አሁን ካላዩት መቼ ሊያዩት ነው? ወርዋሪ ሁሉ ያመዋል። ሁሉም በረዶ ያደርግበታል፣ ኪኒን ይውጣል፣ ይወረውራል።"

"ስሜን ለምን ሰጠህ?"

"ምን አልኩ? ቴራፒስት አልኩ። ታዲያ እርስዎ ምንድነው የሚሠሩት? ሰው ከሳክራሜንቶ ድረስ እየነዳ ይመጣልዎታል። ከፍ አደረግኩዎት እንጂ ምን በደልኩ?"

"ከፍ አድርገህ ነው የሰቀልከኝ።"

እኔ አልጨረስኩም።

"ይወርውር ብያለሁ?"

"አላሉም።"

"ሐኪሟ አይወርውር ብላለች?"

"ብላለች። ሐኪም ሁሌ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ክስ ይፈራሉ..."

"ልጁን ጸሎት ነው አስባልከው። እጄን አስጭነህ አስመረቅከኝ።"

"ከጨዋታው በፊት ጸልየናል" አለኝ።

ይህን ያለው የኔ ልጅ ነው። ጻፊው። ከጨዋታው በፊት ጸልየናል አለኝ። ወንጌል በልጅነቱ ያስተማርኩት፣ በሰው እየተነበበልኝ በቃሌ ይዤ ያስተማርኩት ልጅ።

ደውልና ለኮቹ እውነቱን ንገረው አልኩት። እምቢ አለ። እምቢ ሲል ግን ድምፁ እየለመነ ነው። "ይሄን ቅዳሜ ብቻ፣ አባዬ። ከኮሌጅ የሚመጣ ሰው አለ፤ ናቲን ብሎ ነው የሚመጣው። ከዚያ ያርፋል፣ እምልልዎታለሁ። ዓርብ አንድ ጊዜ ብቻ ያሹልኝ።"

ያሹልኝ አለ። ክንዱ የራሱ ይመስል።

"እጄን ከእንግዲህ አታገኘውም" አልኩት።

ተነሣ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና፣ "ለባዳ ሁሉ ያሻሉ። ለልጅ ልጅዎ ሲሆን ሐኪም ሆኑብኝ" ብሎኝ ወጣ። ፅጌ ያቀረበችለትን ሻይ አልነካውም።

እንዲህ የሚል ልጅ ከየት ወለድኩ? አባቱ እኔ ነኝ። ሌላ የምከስሰው የለም።

ረቡዕ

ናቲ መጣ። ማንም እንዳልላከው ነገረኝ። ጃኬቱን አውልቆ እንደ ልማዱ ክንዱን ትራሱ ላይ ዘረጋ። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ፕሊስ።"

"ክንድህን አንሣ።"

"ዳድ ላይ ነው የተናደድከው፣ እኔ ላይ አይደለም።"

"አንተ ላይም ነው። ወንበር አነሣሁ ያልከኝ አንተ ነህ።"

ፊቱን ሳየው ሕፃን ነው። ቁመት ሰውን ያታልላል። ቆይቶ፣ "አንድ ነገር ልንገርህና ለማንም አትንገር" አለኝ። እኔ እሺ አላልኩም። ቃል አልሰጠሁትም፤ ይህን ፅጌ አጥብቀሽ ጻፊ። እሱ ግን ቀጠለ፤ ልቡ ሞልቶ ነበርና። ትንሿ ጣቱና አጠገቧ ያለችው ይደነዝዛሉ። ቅዳሜ በሁለተኛው ጨዋታ ጀመረው። ኳሷን ሲይዝ በግማሽ እጁ እንደያዛት ይሰማዋል። አሁን እርሳስ ሲይዝም ይደነዝዘዋል።

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም። ኮች ቢሰማ ያስወጣኛል።"

"ለአባትህስ?"

"ዳድ ደስ ብሎት ነበር" አለ።

ስለ ጣቱ ሲነግረኝ ያልደነገጥኩትን በዚህ ደነገጥኩ። አባቱ ደስ ብሎት ስለነበር ልጁ ህመሙን ዋጠ።

ወለምታ አይቻለሁ፣ ውልቃት መልሻለሁ። የደነዘዘ ጣት ግን የኔ ሥራ አይደለም። ወጌሻ እዚያ ላይ እጁን ይሰበስባል። ሐኪሟ ጋ አሁኑኑ እንሂድ አልኩት። ከቅዳሜ በኋላ አለኝ። ለመንኩት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ልጁን ለመንኩት። ጃኬቱን ለብሶ ሄደ።

ፅጌን መሠረት ጋ ደውዪ አልኳት። መሠረት ሥራ ላይ ነበረች። ጨዋታውን ታውቃለች፤ ጣቱን አታውቅም። በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ። "አባዬ፣ ጣቱን አልነገረኝም። በእግዚአብሔር አልነገረኝም።" ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ነው አለች፤ አስቀድሙልኝ ብዬ እለምናቸዋለሁ አለች። ሳምሶንን ግን ቅዳሜን ማስተው አልችልም አለች። "እርስዎን እምቢ ያለ እኔን ይሰማል?"

ተቆጣኋት። ከመሐል እንዳትዘጋው ደግሞ ፈራሁ። ነገ ደውዪልኝ ብዬ ተውኳት።

ከዚያ ግርማ ጋ አስደወልኩ። ነገ ልጅህን ወደ ልምምድ ስትወስድ እኔንም ውሰደኝ አልኩት። "ጨዋታ ማየት አማረዎት እንዴ ጋሼ?" አለኝ። አዎ አልኩት። እኔም ዋሸሁ። ትንሽ ነው፤ ግን ይጻፍ።

ዓርብ

የትላንቱን ነው የማስጽፈው።

ግርማ ከሚልፒታስ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። መንገድ ላይ እውነቱን ነገርኩት። ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቀኙ መስመር ገባ። "እኔን ለምን ያስገቡኛል ጋሼ? ሳምሶን ወንድሜ ነው" አለ በመጨረሻ።

"ሜዳው ላይ ለኔ የመሰከርከው አንተ ነህ። ምስክርነትህን ታነሣለህ።"

ሳን ሆዜ ፀሐይ ነበር። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ልጆቹ ተበታትነው ይወረውራሉ። ናቲ ከትምህርት ቤት በባቡር ቀድሞን ደርሷል። ሲያየኝ ኳሷን እንደያዘ ቀረ። ኮቹ ወፍራም ሰው ነው፤ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ይተፋል። ግርማ ከኔ ጋር ሲያስተዋውቀው እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ቴራፒስት የምትለዋን ቃል ሰማሁ። ፈገግ ብሎልኛል።

"ግርማ፣ አሁን የምለውን እንዳለ ተርጉም። አንድ ቃል ብትቀንስ አውቃለሁ።"

"እንግሊዝኛ አይችሉ፤ በምን ያውቃሉ?"

"ፊቱን አይቼ።"

እንዲህ አልኩ። እኔ ቴራፒስት አይደለሁም። ወጌሻ ነኝ፤ በሥራዬም አላፍርም። ይህ ልጅ ይወርውር ብዬ አላውቅም። ሐኪም አትወርውር ብላዋለች። ለትምህርት ቤቱ ኮች ሐኪሟን ነገሩ፤ ላንተ እኔን ነገሩህ። ዓርብ ዓርብ አሸዋለሁ፤ ቅዳሜ ያልተሰማው ለዚህ ነው። አሁን ጣቱ ይደነዝዛል።

ግርማ መጀመሪያ አለሳልሶ ጀመረ። ኮቹ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። "አልነገርከውም" አልኩት። ግርማ ላቡን ጠረገና ደገመ። ያኔ የኮቹ ፊት ወደቀ። በአፉ ያለውን ሁሉ ተፋ። ቆቡን አወለቀ።

ናቲን ጠራው። ጠየቀው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ነው። ኮቹ ሲናገር አልጮኸም። ግርማ ተረጎመልኝ፤ በየጨዋታው ያምሃል ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር አለው። ሐኪሟ ራሷ ካልነገረችኝ በቀር ከእንግዲህ ኳስ አታነሣም አለው። ቅዳሜም ሌላም ቅዳሜ የለም። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ አያቱን ራሳቸውን ማናገር ነበረብኝ አለ። ነበረብህ አልኩት። ይህንን ግርማ አልተረጎመውም፤ ኮቹ ግን የገባው መሰለኝ።

ናቲ ጓንቱን ሻንጣው ውስጥ ወረወረ። ባልታመመው እጁ ነው የወረወረው። በአጠገቤ ሲያልፍ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለኝ።

"ምን አለ?"

"ተዉት ጋሼ፤ ልጅ ነው።"

"ተርጉም አልኩህ።"

"አምኜህ ነበር... ነው ያለው።"

እኔም አምኜው ነበር። ልመልስለት እችል ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አላልኩትም። ሲሄድ ጀርባውን አየሁ። ወደ ግርማ መኪና እንኳ አልመጣም፤ ከጓደኛው እናት ጋር ተሳፈረ።

ዛሬ ጠዋት ሳምሶን ደወለ። ሰላምታ የለም። "በሰው ፊት አዋረዱኝ፣ አባዬ። የልጁን በር ዘጉበት። ሌላ ሰው ቢያደርገው አይቆጨኝም ነበር" አለ። የኔን መልስ ሳይጠብቅ ዘጋው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። ሌላ ሰው ቢያደርገው አይቆጨኝም፤ እኔም እኮ የምለው ይህንኑ ነበር።

መሠረት ከሥራ ቀርታ ልጁን ሐኪሟ ጋ ይዛው ሄዳለች። ስለ ጣቱ ስትነግራቸው ቀጠሮ ሳይሉ አስገቡት። ኤምአርአይ የሚሉት መኪና ውስጥ አስተኝተውታል አለችኝ። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ጅማት ሲሳሳ አውቃለሁ። ሲበጠስም አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፅ አለው። ሌላ ዛሬ የምለው የለኝም። ግፊቱን ጻፊና ሂጂ።

ቅዳሜ

ፅጌ ዛሬ ቀኗ አይደለም። መጣች። ምን ልትሠሪ መጣሽ አልኳት። "ልጽፍልዎ" አለች። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም፤ ግን በራሷ ላይ የሚመሰክረውን በገዛ እጇ ስለጻፈች ከሌሎቹ ትሻላለች። ይህንንም ጽፋዋለች።

ሐኪሟ ትላንት ማምሻውን ለመሠረት ደወለች፤ መሠረት ደግሞ ለኔ። ጅማቱ አልተበጠሰም። ተቀድዷል፤ ግን ገና ይዟል። ለጊዜው ቢላ አያስፈልገውም። ጣቱን የሚያደነዝዘው በክርኑ የሚያልፈው ነርቭ ተቆጥቶ ነው፤ ካረፈ ይመለሳል ብላ ተስፋ ታደርጋለች። ዘንድሮ ኳስ የለም። ትከሻውንና ወገቡን የሚያጠነክርለት እውነተኛ ቴራፒስት ተመድቦለታል። ከዚያ እንደገና ታየዋለች። ይወርውር ትል እንደሆነ፣ አትወርውር ትል እንደሆነ ያኔ ነው።

"ለመበጠስ ምን ያህል ቀርቶት ነበር?" ብዬ አስጠየቅሁ። ይህን ማንም አያውቅም ብላለች። ይህን መልሷንም ወደድኩላት።

ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ስነሣ ፅጌ ደገፈችኝ።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ናቲ ነው፤ በራሱ ስልክ። የሰው ጫጫታ አይሰማም፤ ቤት ነው። ሜዳ ላይ መሆን የነበረበት ሰዓት ነው።

"አባባ።"

"አቤት።"

"ያማል" አለኝ።

በአማርኛ ነው ያለው። ስንት ጊዜ ክንዱን ይዤ ስጠይቀው ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም።

"የቱ ጋ?"

"ክርኔ። ጥርሴን ስቦርሽ።"

"ለእናትህ ነግረሃታል?"

"ነግሬያታለሁ።"

"እኔ ላይስ ተቆጥተሃል?"

"አዎ። በጣም።"

"ይሁን። ተቆጣ። መቆጣት ክንድ አይጎዳም።"

አልሳቀም። ግን ቶሎም አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም። ቆይቶ ባይ አለኝ።

ሳምሶን አልደወለም። ለምን እንደማይደውል አውቃለሁ፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልደውልም ነበር። የበደለኝ እሱ ነው። በደሉን አልረሳሁም፤ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ስሜን ሸጦብኛል። ይቅር በል ቢሉኝ ገና ነኝ። ግን ልጁ ክንድ አለው።

ነገ እሁድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚወስደኝ ሳምሶን ነበር። ግርማ ልምጣ ብሎ ደውሏል፤ አትምጣ አልኩት። ፅጌ ሸሚዜን ተኩሳ ሰቅላልኛለች። ጠዋት ለብሼ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። ይመጣ እንደሆነ፣ ይቀር እንደሆነ አላውቅም። ከመጣ ግን ከፊት አልቀመጥም። ከኋላ ነው የምቀመጠው፣ ከልጁ ጋር።